ጸሎት የጎደለው እጅ

አራዳ፣ ከጊዮርጊስ በታች
መስከረም ፳፪ ቀን ፲፱፻፲፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአርአያ፣ እስክንድርያ።

ከሰላምታው በፊት ቁጣዬ ይቅደም፤ ሰላምታውን ወረቀት ከተረፈኝ እመለስበታለሁ። የሐምሌው ደብዳቤህ ጳጉሜን ላይ ደረሰኝ። መልሱን ያዘገየሁት ንዴቴ እስኪበርድ ነበር፤ አልበረደም፤ ስለዚህ እንደ ጋለ ጻፍሁልህ።

ለዚያ እርሳስ አቅልጦ ፊደል ለሚያፈስሰው ግሪክ እንዲህ በለው፦ የፊደሌ ራስ አላበጠም፤ ባለ ማዕርግ ነው። እግሩም አልከሳም፤ ጾሟል። ቁም ጽሑፍ የተባለው ስለሚቆም ነው። መቃው ብዕር ሲወርድ ተጭኖ ይወርዳል፣ ሲዞር እፎይ ብሎ ይዞራል፤ ወፍራሙና ቀጭኑ ከዚያ ይመጣል። ሰባት ዓመት ከእግሬ ሥር ተቀምጠህ ይህን ለአንድ ግሪክ ማስረዳት ካቃተህ ሰባቱን ዓመት መልስልኝ።

ስንት ዓይነት እጅ አለዎት ላልኸው፣ ሦስት። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን እጅ ነው፤ ማኅሌት እንደ ቆመ ደብተራ ተራርቆ፣ ቀጥ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ ይቆማል። ሁለተኛው የደጅ ጥናት እጅ ነው፤ ለመኳንንት የሚጻፍበት፣ ከመስመሩ ላይ ጥቂት ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣ። ሦስተኛው የአቤቱታ እጅ ነው። ይህ ያለቅሳል። መስመሩ ወደ ቀኝ ሲሄድ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዳኛ ገና ሳያነበው ያዝናል።

የማተሚያ ቤቱ ጌታ፣ ፈረንጁ ሙሴ፣ ገዝቶ በእርሳስ ሊያስቀርጽ የመረጠው ሁለተኛውን ነው። «ለሠርግ ጥሪም፣ ለሱቅ ሰሌዳም፣ ለጠርሙስም ይሆናል» አለኝ። ሙሴ አማርኛ ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ በፍርዱ አላደላም።

ይህን ነገር ከባለቤቴ ከደብሪቱ በቀር ለማንም አልነገርሁም፤ አንተም አትንገር። እርሷም ሰምታ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እጅህን ሸጥህ? ነገ በምን ልትጎርስ ነው?»

የላክሁልህ ወረቀት ከሀ እስከ ፐ ሙሉ ነው። አንዲት ስሕተት የለችበትም። ይህን የምልህ ልኮራ አይደለም፤ ላስታውቅህ ነው። በተለይ ጸሎቱን ጸ ከፀሐዩ ፀ ለይቶ እንዲያፈስስ ግሪኩን አስጠንቅቀው። አንተ ራስህ በልጅነትህ «ጸሎት»ን በፀሐዩ ፀ ጽፈህ ሰባት ቀን አንበርክኬ ጸ እንዳስጻፍሁህ መቼም አትረሳውም።

ስለ ጋብቻህ ለምን ዝም አልህ?

ወረቀቱ አለቀ። ሰላምታው ይቆየን።

መምህርህ ዓምደሚካኤል


እስክንድርያ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፲፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለየኔታ ዓምደሚካኤል፣

ጉልበትዎን እስማለሁ። የእኔም ጉልበት ሰላም ይልዎታል፤ አልረሳዎትም።

ፊደሉ ፈስሷል። እርሳስ ፊደል ፊቱን አዙሮ ነው የሚቆመው፤ መልኩ የሚቃናው ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነው። ግሪኩ አንድ በአንድ እያነሣ፣ «ይኸኛው ወገቡን ይዞ ይቆጣል፤ ይኸኛው እግሩን አንሥቶ ውኃ ይሻገራል፤ የአገርህ ፊደል መንደር ነው» ይለኛል። ያበጠ ራስ ማለቱን ትቷል። ባለ ማዕርግ ነው ብዬዋለሁ።

የኔታ፣ አንድ ነገር አለ። እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው ስሞክር ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ከጰ ቀጥሎ ያለው መስመር ፀሐዩ ፀ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ያለውም መስመር ፀሐዩ ፀ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ፀሐይ ከነልጆቻቸው ወጥተዋል። ጸሎቱ ጸ ግን የለም። ወረቀቱን ገልብጬ ከጀርባው ፈለግሁት። ወደ መስኮት ይዤም አየሁት። ፊደል ከወረቀት ላይ ሲወድቅ አይቼ አላውቅም፤ ነገር ግን መርከቡ ክፉኛ ይናወጣል ይላሉ፤ ምን ይታወቃል።

ልጠይቅዎት ስል ሙሴ በቴሌግራም «የጥር ሠርግ ደረሰ፣ ያለውን ላክ» አለ። ያለው ተልኳል። ወረቀቱን እስኪያዝዙኝ ድረስ በዳዊቴ ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ስለ ጋብቻ የጠየቁኝን ሰፋ አድርጌ በሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

ልጅዎ አርአያ


አራዳ
የካቲት ፲፱ ቀን ፲፱፻፲፮ ዓ.ም.

ለአርአያ፣

ጸ ጎደለ? ከእኔ?

ድሬዳዋ ላይ ፖስታውን የከፈተ ሰው አለ። ወይም አይጥ አለ። የባቡር አይጥ መርጦ ይበላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ወይም ያ ግሪክህ ጸን አይቶ ለራሱ አስቀርቷታል፤ ቆንጆ ናትና አልፈርድበትም። «ምናልባት የኔታ ሲጽፉ እንግዳ መጥቶ ይሆን?» ያልኸውን ጥያቄ ግን ከደብዳቤህ ግርጌ ቆርጬ መልሼልሃለሁ። አንተ ዘንድ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ዜናው። እጄ አራዳ ገብቷል። የጥር ሠርግ ጥሪ ሁሉ በእኔ እጅ ወጣ። ሦስት መቶ ጥሪ! «የኔታ፣ ይህን ሁሉ በሁለት ቀን ጻፉት?» ሲሉኝ ዝም አልሁ። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም። በሦስተኛው ቀን ግን «አዎን፣ መብራት አብርቼ» አልሁ። ይኸኛውን ምን እንደሚሉት አንተ ታውቃለህ።

ክብሩ የቆየው አንድ ሳምንት ነው። ከዚያ ያልተጠሩት መጡ። «ለእገሌ ሲጽፉ እኔን እንዴት ዘለሉኝ?» እያለ ግማሽ አራዳ ተቀየመኝ፤ ያላየሁት ሠርግ፣ ያልበላሁት ጮማ አጣላኝ። ቀጥሎ አረቄው መጣ። የአራዳው ግሪክ ግሮሰሪ ጠርሙስ ሁሉ የእኔን እጅ ለብሶ ተደረደረ። አንድ ቄስ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ዘርግቶ ሲያነብ አገኘኝና፣ «የኔታ፣ ዳዊቴን በጻፉበት እጅ?» አለኝ። «አዎን አባቴ» አልሁት፣ «እርስዎም የሚጠጡት በተሳለሙበት አፍ ነው።» ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም።

አቤቱታ የሚያስጽፈኝም ጠፍቷል። ሙሴ «ከእግርዎ ሥር ወድቄ» የሚለውን አትሞ የእጅ ጽሑፍ ነው እያለ ይሸጣል፤ የቀረው ስምና ጥፋት መሙላት ነው።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ባለፈው እሑድ ግን በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ የሰንበቴ ማኅበር ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ፦ «የፀሎት ጉባኤ»። በፀሐዩ ፀ! በእኔ እጅ! ጸ የለማ፣ የሙሴ ፊደል ለቃሚዎች ምን ያድርጉ። ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥሁ። ሰው ሁሉ እያነበበ ያልፋል፤ አንድ እንኳ የደነገጠ የለም። የእኛ የሸዋ ሰው ሁለቱንም «ጠ» ብሎ ነው የሚያነብ፤ ጠሎትም ጠሐይም ለእርሱ አንድ ነው። ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ጸ የምትሉ የሰሜን ሰዎች አንድ እንኳ በዚያ አላለፋችሁም።

ያን ወረቀት አቃጥለው። አመዱንም ባሕር ውስጥ ጣለው። ምክንያቱን አትጠይቀኝ።

ዓምደሚካኤል


እስክንድርያ
መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፲፮ ዓ.ም.

ለየኔታ፣

ትእዛዝዎ ደርሶኛል። ክብሪት ገዝቻለሁ።

ጸን ለማስፈሰስ ሰባት ፊደል ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ። በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው ቢልኩልኝ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ማንም ለምን እንደ ጻፉ አይጠይቅም። እኔም።

ለእማማ ደብሪቱ እጅ ነሥቻለሁ። ስለዚያ ስለ ጋብቻው ጉዳይ፣ እዚህ ዝናብ አልጣለም።

አርአያ


አራዳ
ሚያዝያ ፰ ቀን ፲፱፻፲፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ ለወንድሜ፣ አባቴም ብልህ ለማይበዛብህ ለአርአያ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሰንሰለቱ በቀር ደኅና ነኝ።

ጽሑፌን አይተህ የኔታ አረጀ አትበል። ቀኝ እጄ ከእሸቴ ግራ እጅ ጋር ተቆራኝቷል። እሸቴ የከሳሼ የባላምባራስ ወርቅአፈራሁ አሽከር ነው። ከሳሽ ከተከሳሽ ጋር መቆራኘት ሕግ ነው፤ ባላምባራስ ግን የራሳቸውን እጅ ለሰንሰለት ስለማይሰጡ የእሸቴን ሰጡ። መልካም ሰው ነው። ብቻ ሲያዛጋ ይንጠራራል። አሁን «ሰንሰለት» የሚለው ቃል እንደ ተራራ መንገድ የወጣውና የወረደው ስለዚህ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። በሁዳዴ ጾም አጋማሽ፣ አንድ ማለዳ፣ የአራዳ የስልክ እንጨት ሁሉ ወረቀት ለብሶ አደረ። እንዲህ ይላል፦

«ፀሎት ዘባላምባራስ። አቤቱ፣ በፆም ወራት የእልፍኛችንን መጋረጃ አወፍርልን። ፀሎታችንን ስማ፤ የጥብሳችንን ሽታ ግን ከጎረቤት አፍንጫ አርቀህ ወደ ሰማይ ብቻ አቅናልን። ለፀሎታችን ምስክር፣ ለጥብሳችን ግን ምስክር አታድርግብን። አሜን።»

አራዳ ሳቀ። ባላምባራስ አልሳቁም። የአራዳ ዘበኞችም ወረቀቱን ገና አይተው ፊደሉን አወቁት፤ እጅህ ነው ብለው ያዙኝ። ችሎት ቆሜ፣ «እጁ የእኔ ነው፤ እኔ ግን አልጻፍሁትም» አልሁ።

«እጅህ ካንተ ተለይቶ የት ሄዶ ነበር?» አለ ዳኛው።

«እስክንድርያ።»

ሕዝቡ እስኪበቃው ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ፣ በእርሳስ እንደ ተቀረጸ አስረዳሁ። ወዲያው ምስክር መጣ፤ አንድ አይደለም፣ ዐሥራ ሁለት። «ሦስት መቶውን ጥሪ መብራት አብርቼ በእጄ ጻፍሁት ብለው ራሳቸው ነግረውናል» አሉ። ሙሴ ተጠርቶ፣ «እንዲህ ያለ ፊደል አይቼም አላውቅ፤ በፈረንሳይኛ ብቻ ነው የማትመው» ብሎ ጥርት ባለ አማርኛ ማለ። ፊደሉን የት እንደ ሸሸገው እንጃ፤ ቤቱ ሲበረበር አልተገኘም።

በመጨረሻ፣ «ጸሎትን በፀሐዩ ፀ ከምጽፍ ብሞት ይሻለኛል!» ብዬ ጮኽሁ። ዳኛው አዘነልኝ። «የኔታ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «በጠሎቱ ጠ እና በጠሐዩ ጠ መካከል ምን ልዩነት አለ?»

ባላምባራስ የሚሉት አንድ ነው፦ የጻፈችው እጅ ትቆረጥ። ቀጠሮው ለሰኔ ሚካኤል ነው። እጄ በእርሳስ መቀረጿን የሚያስረዳ በዓለም ላይ ያ ወረቀት ብቻ ቀርቶልኛል።

«ክብሪት ገዝቻለሁ» የሚለው ደብዳቤህ የደረሰኝ ከነሰንሰለቴ ነው። ያልሁህን ፈጽመህ ከሆነ ታዛዥ ልጅ ነህ፤ እግዚአብሔር ይይልህ። እንቢ ብለህ ከሆነ ተባረክ። አርአያ፣ ክብሪቱን ምን አደረግህበት?

እሸቴ «ይህቺ ደግሞ ምን ትባላለች?» እያለ ፊደል ያስቆጥረኛል። እስከ ቀ ደርሷል።

ዓምደሚካኤል


እስክንድርያ
ግንቦት ፪ ቀን ፲፱፻፲፮ ዓ.ም.

የኔታ፣

ሲጋራ ለኮስሁበት።

ወረቀቱ ዳዊቴ ውስጥ ነው። ግን አልክልዎትም፤ ምክንያቱንም ሳይቆጡ ያንብቡ። በችሎት «ጸሎትን በፀሐዩ ፀ አልጽፍም» ብለዋል። ወረቀቱ ከመጣ፣ በጸ ቦታ በገዛ እጅዎ ፀ መጻፍዎን ባላምባራስ ለዳኛው በጣታቸው ያሳዩታል። ያን ጊዜ እጅዎም ስምዎም አብረው ይቆረጣሉ።

በእርሱ ፈንታ በደብዳቤው ውስጥ የክብሪት ቀፎ ያገኛሉ። ክብሪቱ አልቋል። በውስጡ ያለችው ያችው ፀ ናት፣ በእርሳስ። ልብ ብለው ይዩዋት፤ ከራሷ በላይ አንዲት ጭረት አለች። ማፍሰሻዋ ሲሠራ አማቴ መዶሻ አዳልጦት ነው። ግሪኩን ማለቴ ነው። ከዚያ የፈሰሰች ፀ ሁሉ ያችኑ ጭረት ይዛ ትወጣለች። ሰው የጻፋቸው ሁለት ፀዎች መቼም አይመሳሰሉም፤ በስልክ እንጨቱ ወረቀት ላይ ያሉት ግን ሁሉም ባለ ጭረት መሆን አለባቸው። እርስዎ አይንኳት። ዳኛው በገዛ እጁ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ይጫናት። ጸና ፀን ባይለይ፣ ጭረት ያለበትንና የሌለበትን ይለያል።

አንድ ጥያቄ ለእኔ ብቻ። «መጋረጃ አወፍርልን» የሚለውን አነጋገር ጆሮዬ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ያን ጸሎት የደረሰው ማን ነው?

ልጅዎ አርአያ


አራዳ
ሰኔ ፳ ቀን ፲፱፻፲፮ ዓ.ም.

ለልጄ ለአርአያ፣

ይህን የምጽፍበት እጅ በቦታው አለ።

ቀፎዋ ለሰኔ ሚካኤል አራት ቀን ሲቀር ደረሰች። ዳኛው ፀን በሁለት ጣቱ ይዞ አገላበጣት፤ ቀለም ቀባት፤ ተጫናት። ጭረቷ ወጣች። ከስልክ እንጨቱ የተገነጠለውን ወረቀት አመጣ፤ ሦስቱም ፀሎቶች ጭረት ነበረባቸው። «አሃ!» አለ። ነገሩ በዚያ ባለቀ ነበር፤ ግን ጨዋታው ጣፈጠው። የችሎቱን መዝገብ አተመው። መዳፉን አተመው። የባላምባራስን የክስ ወረቀት ዳር እስከ ዳር ፀሐይ አወጣበት። ባላምባራስ እየተቆጡ ወጡ፤ ሲወጡም እሸቴን ከነሰንሰለቱ ረሱት።

ፍርዱን ቃል በቃል ልጻፍልህ፦ «ከዛሬ ጀምሮ የየኔታ ዓምደሚካኤል እጅ የየኔታ ዓምደሚካኤል እንዳልሆነ ይታወቅ።» በነጻ ወጣሁ።

ፍርዱ ግን ሠርቶልኛልም፣ ሠርቶብኛልም። ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ባልቴት በጥሩው እጄ አቤቱታ ጻፍሁላት። ደጅ ጠባቂው ገና ሲያየው «ይህ የታተመ ነው፤ ሄደሽ ሰው አስጽፊ» ብሎ መለሳት። ሠላሳ ዓመት የተማርሁት እጅ የእኔ መሆኑን የሚያምን ሰው በአራዳ የለም።

ባልቴቲቱ ስታለቅስ፣ በሰንሰለት ሳለሁ የጀመርሁትን አንድ አቤቱታ ትራሴ ሥር አየችና «ይህን ይስጡኝ!» አለች። ያን የሚንቀጠቀጠውን፣ የሚወጣና የሚወርደውን። ወሰደች፤ በዕለቱ ተፈረደላት። ዳኛው ሲያነብ ዕንባው መጣ አሉ። አሁን አራዳ ሁሉ የሚፈልገው ያን እጅ ነው። ለብቻዬ ስሞክረው ግን ይቃናብኛል። ስለዚህ ባላምባራስ ያባረሩትን እሸቴን ቀጥሬዋለሁ። ከአጠገቤ ተቀምጦ እጅጌዬን ይዞ ያዛጋል። ደብሪቱ አይታ፣ «ያኔ እጅህን ሸጥህ፤ አሁን የሰው እጅ ገዛህ» አለችኝ።

«ይህንንም እጅ እናፍስሰው ወይ?» ማለቱ አይቀርም አማትህ። ሰላም በልልኝና፣ እርሳስ አያዛጋም በለው። አማትህ ያልሁት አውቄ ነው፤ በአንዲት ቃል ልታሾልክልኝ የሞከርኸውን ሠርግ ደብሪቱ በእልልታ ተቀብላዋለች። እኔን ያስቀየመኝ ጥሪው በእጅህ ተጽፎ አለመላኩ ነው።

የጸሎቱን ደራሲ ስለ ጠየቅኸኝ፦ በችሎት እጁ የማን ነው ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ቃሉ የማን ነው ያለኝ ሰው የለም። ዳኛ የዘለለውን አንተ አታንሣው።

ሌላ ማንም ያልጠየቀኝ ነገር አለ፤ እርሱን ሳልጠየቅ እነግርሃለሁ። ጸ ከመርከብ አልወደቀችም። አይጥ አልበላትም። እንግዳም አልመጣብኝም። ዓይኔ ከጰ ዘልላ ፀ ላይ ዐረፈች፤ ሁለተኛም ስትመለስ እዚያው ዐረፈች፤ እኔም እንዴት ያለ ቁም ጽሑፍ ነው እያልሁ ራሴን ሳደንቅ አላየኋትም። አንተን በዚሁ ጥፋት፣ ዕድሜህ ዘጠኝ ሳለ፣ ሰባት ቀን አንበርክኬሃለሁ። አሁን መንበርከኩን ጉልበቴ እንቢ አለኝ፤ ሰባቱን ቀን ግን ተቀምጬም ቢሆን ጽፌአታለሁ። የሰባተኛው ቀን ይኸውልህ። ቆርጠህ ከወረቀቱ ላይ፣ ከጰ በታች፣ ከሁለቱ ፀሐይ በአንዷ ላይ ለጥፋት። ከዚያ አፍስሷት።

አምስተኛዋ ስለ ተንጋደደች ይቅርታ። እሸቴ አስነጥሶት ነው።

ጸ ጹ ጺ ጻ ጼ ጽ ጾ